የተሰፋው ዚፕ

በተዋጊ ጄቶች ስኳድሮን ውስጥ ብቸኛዋ ሴት አብራሪ እሷ ነበረች። ጓደኞቿ «ጭልፊት» ይሏታል። ሰማይ ላይ የሚያስፈራት ነገር የለም፤ የሚያስጨንቃት ምድር ላይ የምትጠጣው ውሃ ነው። የበረራ ልብሱ የተሰፋው ለወንድ ነዋ! ወንዶቹ ረጅም በረራ ላይ ሽንታቸው ሲመጣ የፊት ዚፓቸውን ከፈት አድርገው በላስቲክ ከረጢት ይገላገላሉ። እሷ ግን ከዋዜማው ጀምራ ጉሮሮዋን አድርቃ ትወጣለች።

አንድ ቀን በልምምድ ውጊያ ላይ ጄቷን በኃይል ስታጥፍ ዓይኗ ጨለመባት። እንደ ምንም አቃንታ አረፈች። ሐኪሙ መርምሯት፣ «አንቺ ልጅ፣ ደርቀሻል እኮ! ውሃ የሚባል ነገር አታውቂም?» አላት።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ እጇን አወጣችና ነገሩን ሳታድበሰብስ ተናገረች። አንዱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ሌላው የታሰረ የጫማ ክሩን መልሶ ያስራል። አዛዡን ላብ አጠመቃቸው።

«ትንሽ መቻል ነው እንግዲህ» አሉ ጉሮሯቸውን ጠራርገው።

«እሺ ጌታዬ። ነገ አብረን ስንበር የእርስዎም ዚፕ ይሰፋና አብረን እንቻላ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አዛዡ ደግሞ እልኸኛ ናቸው። «ይሰፋ!» አሉ። ይባስ ብለው ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ግጥም አድርገው ወጡ።

መጀመሪያ ላይ በሬዲዮ ቀልድ ሁሉ ያወሩ ነበር። ቆይተው ግን ሰዓቱን ደጋግመው ይጠይቁ ጀመር።

«ጭልፊት፣ እንመለስ።»

«ምነው ጌታዬ፣ ነዳጅ አነሰዎት?»

«ነዳጅ አይደለም!»

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

«ተመለሺ ብያለሁ፣ አንቺ ልጅ!»

እንዳረፉ መሰላሉን በወጉ እንኳ ሳይረግጡ ዘለው ወርደው፣ «መቀስ! መቀስ አምጡ!» እያሉ ሽምጥ ጋለቡ። ሰላምታ ሊሰጣቸው ቀጥ ብሎ የቆመው መካኒክ እጁ ግንባሩ ላይ እንደቀረ በዓይኑ ሸኛቸው።

ለሴት የሚሆን የበረራ ልብስ ከነሙሉ ዕቃው የታዘዘው በዚያው ቀን ነው።

ልብሱ በመጣ ሰሞን ጭልፊት ውሃዋን እስኪበቃት ጠጥታ ለልምምድ ወጣች፤ ባላጋራዋ አዛዡ ነበሩ። ቢጠማዘዙ፣ ቢወረወሩ፣ ወደ ደመና ቢገቡ ከጭራቸው አልለቅ አለች።

«ተመተዋል፣ ጌታዬ።»

«ምን ዓይነት ጣጣ ነው በገዛ እጄ ያመጣሁት!» አሉ አዛዡ፤ ድምፃቸው ግን የኮራ አባት ድምፅ ነበር። ወርደው የቀሩትን አብራሪዎች አንድ በአንድ እያዩ፣ «እኔ ተመትቻለሁ፤ ነገ ተራው የእናንተ ነው» ብለው እየሳቁ ሄዱ።