ለአውሮፕላን የተነጠፈ ቄጠማ

ያን ቄጠማ ያስነጠፍኩት እኔ ድንቅቱ ነኝ፤ በሰው አላሳብብም።

በጃንሆይ ዘመን፣ አንበጣ በመጣበት ዓመት፣ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሱሉልታ ሜዳችን ላይ አረፈች። አብራሪው ካፒቴን ተድላ አንበጣው የሰፈረበትን ሸለቆ የሚያሳየው ሰው ሲፈልግ ባሌ ጎበና «እኔ አለሁ!» ብሎ ብድግ አለ። በቅሎ ላይ ለመውጣት እንኳ ማርያምን የሚጠራ ሰው!

በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹን ሰብስቤ ከወንዙ ዳር ቄጠማ አጨድንና አውሮፕላኗ በምትሮጥበት መንገድ ላይ ጎዘጎዝነው። እንግዳ እንደዋዛ አይሸኝም። ካፒቴኑ ሞተሯን ሲጎረጉር ልብ አላለም፤ ሣር በሣር ላይ ማን ይለየዋል?

ሞተሯ ሲያጓራ ምድሩ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። ሮጠች። ቄጠማው ላይ ስትደርስ ግን ተንሸራተተች፤ እያዘመመች አንዴ ዘለለች። በሆዷ ሥር ሰማይ አየሁ። እልል ልል አፌን ስከፍት ወደቀች፤ ክንፏ ተሰብሮ አፍንጫዋ ጭቃ ውስጥ ተቀረቀረ።

«ያ ዋቃዮ! ባሌን በገዛ እጄ ገደልኩት!» እያልኩ ሮጥኩ።

ጎበና በደረቱ እየተሳበ ወጣ፤ ከጭቃው በቀር ምንም አልሆነም። ካፒቴኑ ግንባሩ እየደማ ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ቄጠማ መዞ አየው።

«ይህን ማነው ያነጠፈው?»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ ጌታዬ። በአየር የሚሄድ ነገር መሬቱ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።»

ሊቆጣ ነበር፤ ሳቁ ቀደመው። «እሜቴ፣ ለመነሳት እኮ መሬት ያስፈልጋታል» አለኝ።

ጎበና ክንዴን ያዘኝ። «ድንቅቱ፣ ለአፍታ ከሥሬ መሬት አልነበረም። ምነው ደግሜ ባየሁት!»

«ከሞት ተርፈህ ሞትን ትናፍቃለህ?» ልለው አሰብኩ። ዓይኑን ሳየው ግን ተውኩት። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንዲያ ሲያበራ አይቼው አላውቅም።

በሳምንቱ ሌላ አውሮፕላን መጣች። ጎበና ዳግም ሊሳፈር ነጭ ጋቢውን ለበሰ። እኔ ፈራሁ፤ በጣም ፈራሁ። ግን መጥረጊያዬን ይዤ ከሴቶቹ ቀድሜ ሜዳው ላይ ተገኘሁ። የሚሄድበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ጠረግሁለት፤ አንዲት ዘለላ ቄጠማ አላስቀረሁም።

ጎማዋ ከመሬት ሲላቀቅ መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ።