ክብደቱ ያልቀነሰው ጥርስ

ኃይለመለኮት የጥርስ ሥራን የተማረው ቡዳፔስት ሲሆን፣ የሚሠራው ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ባለች የመንግሥት ወርክሾፕ ነበር። የውጭ ምንዛሪ ጠፍቶ የሴራሚክ ዱቄት መምጣቱ ሲቆም፣ ከአገር ነጭ አፈር ሰው ሠራሽ ጥርስ ሊሠራ ተነሣ። ኃላፊው ጓድ ፍሰሐ አልከለከሉትም፤ ጥርሱ የክረምቱን ሙከራ ካላለፈ ግን ወርክሾፑ እንደሚዘጋ፣ እርሱም ሩቅ ቆላ ወዳለ የሰፈራ ጣቢያ እንደሚመደብ በግልጽ ነገሩት። እናቱ ወይዘሮ ታየች ይህን የሰሙ ዕለት እራት አልቀመሱም። ታላቁ ልጃቸው በሽብሩ ጊዜ ከቤት ተወስዶ ከቀረ ወዲህ የቀራቸው እርሱ ብቻ ነበር።

ሙከራው ትዕግሥት ይጠይቃል። እርጥበትና ሙቀት በአፍ ውስጥ በዓመታት የሚያደርሱትን ጉዳት በወራት ለማየት፣ ናሙናዎቹ በተጣራ ውኃ ያለማቋረጥ መቀቀል አለባቸው። ውኃው ሸርሽሮ የወሰደው በየሳምንቱ በሚዛን ይታወቃል፤ የቀለለ ጥርስ የተበላ ጥርስ ነው። የወርክሾፑ መብራት እየጠፋ ስላስቸገረው ድስቱን ቤቱ ወስዶ በላምባ ምድጃ ላይ ጣደው። ቀን ቀን እናቱ ይጠብቁታል፤ ሲጎድልም ለመኪና ባትሪ ከሚሸጠው የተጣራ ውኃ ይጨምሩበታል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ክዳኑን ገልጠው አይተው፣ «ታየች፣ ሥጋው ቢጠፋ ጥርሱን መቀቀል ጀመራችሁ?» ብለው ሰፈሩን አሳቁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥርሶቹ ቀለሉ፤ ኃይለመለኮትም ይህን ከእናቱ አልደበቀም። ከዚያ በኋላ ግን መቅለሉ ቆመ፤ እንዲያውም ጥቂት ከበዱ። ጓድ ፍሰሐ ወደ ሚዛኑ ጎንበስ ብለው ካዩ በኋላ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጥርሱ ከብዙ ካድሬ ይልቅ ጽኑ መሆኑን ተናገሩ። ታካሚዎችም መመዝገብ ጀመሩ።

መክበዱ ግን ኃይለመለኮትን እንቅልፍ ነሣው። ውኃ ከጥርስ ይወስዳል እንጂ አይጨምርለትም። አንዱን ናሙና በምላጭ ቢፍቀው ነጭ ቅርፊት ተነሣ፤ ቀለም ውስጥ ነክሮ ቢያወጣው ስንጥቁ እንደ ሸረሪት ድር ታየ። ያለ ቅርፊቱ ሲመዘን፣ ጥርሱ ሙከራውን ወድቋል።

ቤት ገብቶ ምን ውኃ ሲጨምሩ እንደ ኖሩ እናቱን ጠየቀ። ከከተማ ወጣ ካለ ምንጭ ያስመጡት የእመቤታችን ጠበል መሆኑን ሳያፍሩ ነገሩት፤ እንዲያጸናው ብለው ነበር። የምንጩ ማዕድን ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገር ቅርፊት ጥርሱ ላይ ተጋግሮ ጉዳቱን ሸፍኖታል።

ዝም ቢል ሚዛኑ ይመሰክርለታል፤ ጥርሱ ግን በሰው አፍ ውስጥ ይሰበራል። በማግሥቱ ለጓድ ፍሰሐ ተናገረ። እሳቸውም መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ ምነው ባልፋቅኸው አሉት። የምደባው ትእዛዝ ብዙ አልቆየም።

ወይዘሮ ታየች ልብሱን እያጣጠፉ፣ «ውኃዬ ነው የጎዳው?» ብለው ጠየቁት።

«አይደለም፣ እማዬ። አፈሩ ነው ደካማ። ጠበል ባይነካውም ይሰነጠቅ ነበር።»

እውነቱን ነበር። ያጽናናቸው መስሎት ነበር። እሳቸው ግን ሸሚዙን እንደ ያዙ ቀሩ።

«እንግዲያ እመቤቴን ያን ሁሉ ቀን ለምኛት አልሰማችኝም» አሉ። «ለወንድምህም እንዲሁ ለምኜ ነበር።»

ሸሚዙን ከእጃቸው ወስዶ ሻንጣው ውስጥ አኖረው።

እርሱ ከሄደ በኋላ፣ ጥቅምት በባተ በመጀመሪያው ቀን፣ የእመቤታችን ወርኃዊ በዓል ነውና የልደታ ቤተ ክርስቲያን ደወል ማልዶ ተደወለ። ወይዘሮ የሻረግ ነጠላቸውን አጣፍተው ከበር ላይ ሆነው ለቅዳሴ ጠሯቸው። ወይዘሮ ታየች ሰምተዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።