ጨው ያጣው ናሙና

ካሳሁን ኢንጂነር ፋሲልን የጠላው እንዲሁ በባዶ ሜዳ አልነበረም። ምክንያት ነበረው፤ ምክንያቱንም እንደ ክት ልብስ አጥፎ አስቀምጦ፣ በየማታው እያወጣ ያየው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዶሃ አጠገብ ሉሰይል ውስጥ ለአንድ ትልቅ ሕንጻ መሠረት የተቆፈረው ጉድጓድ ከባሕሩ ብዙም አይርቅም። እዚያ ጥቂት ሜትር ከተቆፈረ ውሃ ይፈልቃል፤ ውሃው ሌት ተቀን ካልተመጠጠ ደግሞ ሥራ የሚባል ነገር የለም። ያን ውሃ የሚመጥጠውን ፓምፕ የሚያንቀሳቅሰው ካሳሁን ነበር። ዶሃ ከገባ አሥራ አንድ ዓመቱ፣ ዕድሜው አምሳ ሁለት። ሐበሻው ሁሉ «ጋሼ ካሳሁን» ይለዋል፤ ኔፓሎቹ እንኳ ትርጉሙን ሳያውቁ «ጋሼ» ማለት ለምደዋል። ፋሲል ግን በመጣ በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው ልጅ፣ በሰው ፊት በጣቱ ጠቅሶ «ስማ አንተ፣ ሰውዬ» አለው። ባዕድ ቢለው አይደንቀውም ነበር፤ ከባዕድ ማን ክብር ጠበቀ? የገዛ ወገን ሲሆን ነው የሚያንገበግበው።

ይባስ ብሎ ካሳሁን ራሱ የኢንጂነር አባት ሊሆን አንድ ዓመት ነው የቀረው። ልጁ ሊዲያ አርባ ምንጭ የውሃ ምህንድስና ትማራለች፤ የመጨረሻ ዓመቷን ልትጀምር ነው። እሷ እስክትመረቅ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሳይሰረዝ እዚያች ጉድጓድ አፍ ላይ መቆየት አለበት። ሌላ ምኞት አልነበረውም። ለልጁ ሲል ስንቱን ውጧል፤ ይሄን ጎረምሳ ግን መዋጥ አቃተው።

አሁን ስለ ታንኩ ልንገራችሁ፤ ጠቡ ሁሉ የመጣው ከሱ ነው። ከጉድጓዱ የሚመጠጠው ውሃ በቀጥታ አይደፋም። መጀመሪያ ወደ አንድ ትልቅ የብረት ታንክ ይገባና ይረጋል፤ ጭቃው ይዘቅጣል፣ ከማሽኖቹ የሚንጠባጠበው ናፍጣና ዘይት ከላይ ተንሳፍፎ ይገፈፋል። የጠራው ብቻ ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃው ቱቦ ይለቀቃል። ቱቦው የሚወስደው ባሕር ነው፤ በመካከል ሌላ ማጣሪያ የለም። ይህ በትክክል መሠራቱን ማየት የኢንጂነሩ ሥራ ነው፤ ኢንጂነር የሚባል ሰው እዚያ የተቀመጠው ለዚሁ ነው።

በሰኔ ታንኩ እስከ አፉ ጭቃ ሞላ። ማጽዳት ሦስት ቀን ይፈጃል፤ ሦስት ቀን ፓምፕ ቆመ ማለት ሦስት ቀን ሥራ ቆመ ማለት ነው። ፋሲልን ከላይ ያሉት አለቆች ዕለት ዕለት ያጣድፉታል። ስለዚህ አንድ ጠዋት የፓምፑን ሰማያዊ ቱቦ ከታንኩ አስነቅሎ ቀጥታ ወደ ዝናብ ውሃ መውረጃው በሚያስገባው ማንሆል ውስጥ አስከተተው። ካሳሁን አንድ ጊዜ፣ እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ይሄ እኮ ባሕር ነው የሚገባው፣ ታንኩ ይጠረግ እንጂ ብሎ ተናገረ። ፋሲል ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል መለሰለት።

«አንተ ፓምፑን አስነሳ። ማሰብ የኔ ሥራ ነው።»

ካሳሁን ፓምፑን አስነሳ። ቡናማው ውሃ እየተንዶቀዶቀ ወደ ማንሆሉ ወረደ።

ከዚያ የናሙናው ቀን መጣ። በየወሩ ከሚለቀቀው ውሃ በጠርሙስ ተቀድቶ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። ፋሲል ያን ጭቃ ቢልክ ጉዱ እንደሚፈላ ያውቃል። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጠርሙሱን ይዞ ከቢሮው ኮንቴይነር ጀርባ ዞረ፤ ሠራተኛው ከሚጠጣበት ማቀዝቀዣ ኮለል ያለ ውሃ ቀዳ፤ እንዳይጠረጠርም ጫማው ላይ ካለው አፈር በጣቱ ቆንጠር አድርጎ ጨመረበትና በጠበጠው። ካሳሁን እጁን ሊታጠብ ሄዶ ከጥላው ቆሞ ሁሉንም አየ። ፋሲል ሲዞር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ልጁ ትንሽ እንኳ አልደነገጠም። የእንግሊዝኛ ወረቀት አውጥቶ «እዚህ ጋ ፈርም» አለው። ካሳሁን ስንቱን ወረቀት ፈርሟል፤ ይሄንንም ፈረመ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። የዶሃ የከርሰ ምድር ውሃ ጨው ነው። ካሳሁን ይህን ያወቀው ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ነው፤ ሸሚዙን በጉድጓድ ውሃ ሊያጥብ ሞክሮ ሳሙናው አረፋ አላወጣ ብሎት። ፋሲል ግን አገር ቤት ሁለት ዓመት ጉድጓድ ሲያስቆፍር የቆየ ነው። ለሱ ከመሬት የወጣ ውሃ ማለት ጣፋጭ ውሃ ማለት ነው፤ ሕዝብ ጀሪካን ይዞ የሚሰለፍለት። እዚህ አምስት ወር ሲቆይ አንድ ቀን እንኳ እጁን አላስነካውም። እሱ የፈራው ጭቃውንና ዘይቱን ነው፤ ጨው የሚባል ነገር በሐሳቡ አልዞረም። ላቦራቶሪው ግን ጨውንም ይለካል።

ካሳሁን አፉን ከፍቶ ነበር። እውነት እንናገር ከተባለ ሊነግረው ነበር። ፋሲል ቀደመው፤ ምን ታፈጣለህ፣ ወደ ፓምፕህ አለው። የካሳሁን አፍ ተመልሶ ተዘጋ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ዘጠኝ ቀን ጠበቀ። ደስ የሚል ዘጠኝ ቀን ነበር፤ ምን ይዋሻል። ፋሲል ሲያመናጭቀው ፈገግ ይላል። ሲሰድበው በሆዱ «ግድ የለም፣ አንተን ጨው ይዳኝሃል» ይላል። ፓምፑን በየጠዋቱ እንደ ወትሮው ያስነሳል፤ ቡናማው ውሃም በየጠዋቱ ይሄዳል።

አርብ ዕለት ኑሩ ባዶ ባልዲ ይዞ ገባ። ኑሩ ኡም ጉዋይሊና ሰፈር ያለችውን ክፍሉን የሚጋራው ሾፌር ነው፤ አርብ አርብ ከሉሰይል ወዲያ ካለው ዳርቻ ዓሣ ያጠምዳል። ውሃው ደፍርሶ፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል፣ ከአንድ የሞተ ዓሣ በቀር ምንም አላገኘሁም እያለ ተራገመ። ካሳሁን ሳቁን መያዝ አቃተውና ምስጢሩን ዘረገፈለት፤ ጠርሙሱን፣ ጨውን፣ የሚመጣውን ውጤት። ኑሩ አብሮት አልሳቀም። እስከዚያ ድረስስ ባሕሩ ምን ይሁን ሲል ጠየቀው።

«የኔ ሥራ አይደለም» አለው ካሳሁን። «ማሰብ የሱ ሥራ ነው።»

በዘጠነኛው ቀን ከዋናው መሥሪያ ቤት ራቢያ የምትባል ተቆጣጣሪ መጣች። ሱዳናዊት ናት፤ ደረቅ፣ ሳቅ የማታውቅ፣ ወረቀቷን በቀይ እስክሪብቶ የምታነብ ሴት። በዚያ አገር በጋ በቀትር ደጅ መሥራት በሕግ ስለሚከለከል ሥራው ቆሞ፣ ሠራተኛው ሁሉ ከጉድጓዱ ወጥቶ ጥላ ይዟል። ታንኩንና ቱቦውን ዞራ ካየች በኋላ ፋሲልንና ካሳሁንን ኮንቴይነሩ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ላቦራቶሪው የተላከው የጉድጓድ ውሃ ሳይሆን የመጠጥ ውሃ ነው ብሏል፤ ማን ነው የቀዳው አለች፤ በእንግሊዝኛም በዐረብኛም።

ፋሲል በእንግሊዝኛ ቀልጠፍ ብሎ ወረቀቱን ዘረጋላት። ቀጂ፦ ካሳሁን። ፊርማ፦ የካሳሁን። ያልተማረ ሰው ነው፣ ሙቀቱን ሸሽቶ ከማቀዝቀዣው ቀድቶ ይሆናል፣ እኔ አምኜው ነው አለ። ካሳሁን እንግሊዝኛው ባይገባውም ስሙን ሰማ፣ ጣቱንም አየ። ፋሲል ዐረብኛ አያውቅም፤ ካሳሁን ግን አሥራ አንድ ዓመት የበላበት ቋንቋ ነው። ወደ ራቢያ ዞረ።

«ማዳም፣ እኔ በዚህ ውሃ አሥራ አንድ ዓመት ታጥቤበታለሁ። ጨው መሆኑን ማንም አይነግረኝም። ላታልል ብፈልግ ጨው ሳልጨምር እልካለሁ? ይሄን ስህተት የሚሠራው ውሃውን ነክቶት የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሲቀዳ በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

ራቢያ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ፋሲልን በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱ ጣቶቹንና ጫማዎቹን ያይ ጀመር። የካሳሁን ልብ በደስታ ዘለለ። ኸላስ፣ አለቀለት! የናቁት ያደርጋል ራቁት ማለት ይሄ ነው። ራቢያ ግን ፊቷን መልሳ ወደሱ አዞረች።

«ሲቀዳ አይተሃል። ሐሰት መሆኑን ያን ጊዜውኑ አውቀሃል።»

«አዎ ማዳም።»

«ታንኩ መሙላቱን፣ ቱቦው ማንሆል ውስጥ መግባቱንም ታውቃለህ። ፓምፑን በየጠዋቱ የምታስነሳው አንተ ነህ።»

ካሳሁን ምን እንደሚመጣ የገባው ያን ጊዜ ነው። ያዳነው ቃል ዞሮ አንገቱን ያዘው። ይሄ ጎረምሳ አዋርዶኝ ነው ብሎ ሊያስረዳት ሞከረ፤ ዐረብኛው ድንገት ጠፋበት።

«እሱ የዋሸው አንድ ቀን ነው» አለች ራቢያ። «አንተ ዘጠኝ ቀን።»

ሁለቱም እዚያው ከሥራ ተሰናበቱ። ራቢያ ፓምፑ ዛሬውኑ እንዲቆም ትዕዛዝ ጽፋ፣ ለሳይት ኢንጂነር ብላ ሰጥታ፣ በመኪናዋ ሄደች። ሳይት ኢንጂነሩ ማን ነው? አሁን የተባረረው ፋሲል! አይ የወረቀት ሥራ።

በሩ ላይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ የኩባንያውን አውቶቡስ ሲጠብቁ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ሦስት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ፋሲል ዓይኑ ቀልቷል። ደስ አለህ ወይ ሲል ጠየቀው። ካሳሁን አዎ አለው፤ ውሸቱን ነበር። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሊዲያ ጋ ደወለ። ነገ ከሚነግራት ዛሬ ይሻላል።

ሁሉንም ነገራት። ስድቡን አስረዘመው፣ ጨውን አጣፈጠው፣ ስለ ዘጠኙ ቀን ቶሎ ቶሎ አለፈ። ልጅ ናትና ለሱ ትቆጣለታለች፣ ያን ባለጌ ትሰድብለታለች ብሎ ጠበቀ። ሊዲያ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ስለ ትምህርቷም፣ ስለ ቀረው ዓመትም አንዲት ቃል አላነሳችም።

«አባዬ፣ ፓምፑ ቆመ?»

ካሳሁን በአጥሩ ቀዳዳ አሻግሮ አየ። ሰማያዊው ቱቦ እንደተወጠረ ነው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ጠርሙስ ሲከራከሩ፣ ሲፈርዱ፣ ሲባረሩ፣ ጭቃው መንገዱን ይሄድ ነበር። ወደ ፋሲል ዞረ። አጥፋ ተብለሃል እኮ፣ ወረቀቱ ኪስህ ነው ያለው አለው። ፋሲል ቀና አላለም።

«ተባርሬያለሁ። የኔ ሥራ አይደለም።»

ካሳሁን ቃሉን አወቀው። አርብ ዕለት ከገዛ አፉ የወጣ ነው። ከዚህ ልጅ በምንም አልሻልም ለካ ብሎ አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ተነሳ። ጥበቃው ማርቆስ የአገር ልጅ ነው፤ በሩ ላይ እጁን ዘርግቶ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዳላስገባዎ ታዝዣለሁ» አለው። ካሳሁን ሳይመልስለት በክንዱ ሥር አለፈ። ማርቆስ ሬዲዮውን አንስቶ ወደ ፎርማኑ ሲጣራ ይሰማዋል። የጉድጓዱን ደረጃ ወረደ፤ ሙቀቱ ፊቱን ገረፈው፤ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው። ማጥፊያው አንዲት ቀይ ቁልፍ ናት። ተጫናት። ፓምፑ አጓርቶ አጓርቶ ዝም አለ፣ ሰማያዊው ቱቦም ቀስ እያለ ሟሸሸ።

«ቆመ?» አለች ሊዲያ።

«ቆመ።»

ከላይ ፎርማኑ እየጮኸ ይመጣል። ሊዲያ ግን ጥያቄዋን አልጨረሰችም።

«ይሄን ያህል ቀላል ነበር?»

ካሳሁን ጣቱን ከቁልፏ ላይ አላነሳም።

«አዎ ልጄ» አላት።