ፋን ያቀፉት ነጥቦች

ሚሊኒየሙ በገባበት ዓመት፣ ሶዶ ውስጥ ባለ አንድ የባህል ቡድን ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ሰላምአብ ግምገማ ላይ ቀረበ። ያን ጊዜ ያልተገመገመ ነገር ቢኖር የዳሞታ ተራራ ብቻ ነበር።

«ቤዝህ ከቡድኑ ጋር አይሄድም» አሉ ኃላፊው ጋሽ ሐብተማርያም። «የአመለካከት ችግር ነው ወይስ የአቅም?»

«የአቅም» አለ ሰላምአብ፣ ቀለል ያለውን ኃጢአት መርጦ።

«እንግዲያው ከሰዓት የዓምደሚካኤልን ዜማ ትጫወታለህ። ዛሬም ካበላሸኸው ጊታሩን አስረክብ!»

ዓምደሚካኤል ከሰላምአብ በፊት የነበረው ቤዝ ተጫዋች ነው። ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን ዜማውን በኖታ ጽፎ እንደጨረሰ ክረምት ላይ ሞተ፤ ተለቀሰለት፣ ተቀበረ። ሰላምአብ ደግሞ የሚያውቀው የቀጭን ድምፆችን የኖታ ምልክት፣ ትሬብል ክሌፍን ብቻ ነው። በወረቀቱ መነሻ ላይ ያለችውን ጆሮ መሳይ ምልክትና ሁለት ነጥቦቿን የሟቹ ጌጥ አድርጎ አልፏት፣ ኖታውን ሁሉ አዛንፎ ሲመታ ከረመ።

በምሳ ሰዓት ኪቦርድ ተጫዋቿ ናርዶስ ወረቀቱን አየችና በሳቅ ፈረሰች።

«አንተ ጉደኛ! ቤዝ ክሌፍ እኮ ነው! በነጥቦቹ መሀል የምታልፈው መስመር ፋ ናት። አንተ ሬ እያልክ ነው የምትደበድባት። ከእሷ ተነስተህ ቁጠር።»

ከፋ ተነሳ። ወደ ላይ ሶል፣ ላ፤ ወደ ታች ሚ፣ ሬ። ዜማው መንገዱን ሲይዝ የጭፈራ መሆኑ ቀረ፤ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው ቀስ እያለ ይራመድ ጀመር።

የናርዶስ ሳቅ ጠፋ። «ልክ ዓምደሚካኤል ሲጫወት እንዲህ ነበር» አለች።

ከሰዓት ልምምዱ መሀል ላይ ሲደርስ መብራት ድርግም አለ። ማይኩ ዝም፣ ኪቦርዱ ዝም። ሰላምአብም እጁን ከገመዱ አነሳ።

ቤዙ ግን ቀጠለ። ከጠፋው ስፒከር ውስጥ፣ ወፍሮ፣ ሳይቸኩል።

ጋሽ ሐብተማርያም ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ይኸዋ! አቅም ሲገነባ እንዲህ ነው! ጊታሩ ያንተ ነው፣ ልጄ!»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አይደለሁም...»

ናርዶስ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ዝም በልና ጣትህን አንቀሳቅስ። ዓይናቸውን ሊገልጡ ነው።»

ሰላምአብ ጣቱን ገመዱ ላይ መልሶ ዜማውን ተከተለ። በደረሰበት ሁሉ ገመዱ ሞቆ ጠበቀው፤ ሌላ ጣት አሁን ገና የለቀቀው ያህል።