ለሙሽሪት ዘጠኝ ማስተካከያ

ደሜ እስካሁን ይፈላል። ያን ቅዳሜ ሳስታውስ ጥርሴን ነክሼ ነው የማወራው፣ ታገሱኝ።

እኔ የዋና አሰልጣኝ ነኝ። በኮሪያዋ ሶል ከተማ ሃን ወንዝ አጠገብ ባለ መዋኛ ገንዳ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሕፃኑንም አዛውንቱንም ሳስተምር ኖሬአለሁ። ትከሻዬ ሰፊ ነው። ሰፊ ነዋ! ውሃ ስቀዝፍ የዋልኩበት ትከሻ ሊጠብ ነበር? እጮኛዬ ቴጊዩም ያወቀኝ እዚያው ነው፤ ውሃ ፈሪ ሆኖ መጥቶ፣ በእኔ እጅ ዋናተኛ ሆነ።

ያ ቅዳሜ ፍቅር ከጀመርን ሺህኛ ቀናችን ነበር። መቶኛውንም፣ ሁለት መቶኛውንም፣ አምስት መቶኛውንም አክብረናል፤ ስልኩ እየቆጠረ ያስታውሰዋል። ለሺህኛው አንድ ዓይነት ሁለት ሹራብ ይዞ መጣ፣ ደረቱ ላይ ትልቅ ድብ ያለበት። በሠላሳ አራት ዓመቴ ድብ! ደስ ይበለው ብዬ ለበስኩ። ከዚያ የሠርጋችንን ፎቶ ለማየት ወደ ፎቶ ቤቱ ሄድን።

ሠርጉ ሚያዝያ ላይ ነው፤ ፎቶውን ግን መስከረም ላይ ተነስተን፣ ሃያውን መርጠን፣ ምን እንዲስተካከል እንደምንፈልግ ጽፈን ልከናል፤ እሱ በራሱ ወረቀት፣ እኔ በራሴ። ትልቁ ፎቶ አዳራሹ በር ላይ ይቆማል። እንግዳው ሁሉ ከሙሽሮቹ በፊት የሚያየው እሱን ነው።

ሠራተኛዋ ኮምፒውተሩን አዞረችልን። "ሙሽሪት፣ አምሮልሻል አይደል?"

አየሁ። ቴጊዩ አለ፤ ራሱ ቴጊዩ፣ አፍንጫው ላይ ያለችው የብጉር ጠባሳ እንኳ ሳትቀር። እጁን ይዛ የቆመችውን ሴትዮ ግን አላውቃትም። አገጯ ሾሏል። አንገቷ ተመዟል። ትከሻ የሚባል ነገር የላትም! የእኔ ቀሚስ ውስጥ ሌላ ሰው ገብታለች።

"ይቺ ማናት?" አልኩ።

ሠራተኛዋ ደንግጣ ወረቀቶቹን አወጣች። "በጠየቃችሁት መሠረት እኮ ነው የሠራነው..."

የእኔ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነበር፦ "የአፍንጫውን ጠባሳ አትንኩብኝ፣ እወደዋለሁ።" የእሱ ላይ ዘጠኝ። አገጭ ይሹል። ዓይን ተለቅ ይበል። ክንድ ይቅጠን። ትከሻ በግማሽ ይቀነስ። በግማሽ! ዘጠኙም ስለ እኔ።

"ዬሱል፣ እዚህ እንዳትጮኺ" አለኝ፣ ገና አፌን ሳልከፍት። "ሁሉም ያስደርገዋል። የእማዬ ጓደኞች በሩ ላይ ሲያዩሽ ምን ይላሉ?"

"ሙሽራዋ ትከሻ አላት ይበሉ! ውሃ ስትፈራ ምን ላይ ነበር የምትንጠለጠለው?"

"ለአንቺው ብዬ ነው።"

"ለእኔ ብለህ እኔኑ አጠፋኸኝ?"

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ተከተለኝ። ንዴቴ እጥፍ የሆነው እንግዲህ እዚህ ላይ ነው፤ ያ የተረገመ ሹራብ በወጉ እንኳ አላጣላን አለ። እኔ ፊት ፊት መሬቱን እየደበደብኩ፣ እሱ ከኋላ እያለከለከ፣ ሁለታችንም ደረት ላይ ያው ድብ። ሁለት ተማሪዎች "ውይ ሲያምሩ!" ብለው አለፉ። እኔ አርሬ ሰው ይስቃል።

የምድር ውስጥ ባቡር ስገባም መጥቶ አጠገቤ ቆመ። እውነቱን ልናገር፣ ይቅርታ ቢለኝ እመለስለት ነበር። እናቴ ለሠርጉ የምትለብሰውን ሃንቦክ፣ የባህል ቀሚሷን፣ አሰፍታ ጨርሳለች፤ ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ሺህ ቀን ደግሞ ቀላል አይደለም፣ እወደው ነበር። "አጥፍቻለሁ" የምትል አንዲት ቃል ብቻ ነበር የምጠብቀው።

ፊት ለፊታችን የተቀመጡ አሮጊት ቀና ብለው አዩን። "እሰይ! ስትመሳሰሉ! ተጋባችሁ?"

"ሚያዝያ ላይ ነው፣ እማማ" አለ ቴጊዩ ጎንበስ ብሎ። ለሰው ሲሆን ማር ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ቤቱ የላከለትን ያንን ፎቶ አሳያቸው።

አሮጊቷ ፎቶውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ መልሰው ፎቶውን አዩ። "ታዲያ ሙሽራይቱ የታለች?"

ሳቀ። "እሷው ናት፣ እማማ። እስከ ሚያዝያ እንዲህ ትሆናለች። ከመጪው ወር ጀምሮ ዋናውን ታቆማለች፣ ትከሻዋ ይቀንሳል። አገጯንም ሐኪም ያየዋል፣ ቀጠሮ ይዤላታለሁ።"

ታቆማለች! ቀጠሮ ይዤላታለሁ! እኔ አጠገቡ ቆሜ! የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬን እንደምተው ከማላውቃቸው አሮጊት ጋር እኩል ሰማሁ።

"እሷን አግባት" አልኩት፣ ስልኩን በጣቴ እየመታሁ። "ሂድ፣ እሷን አግባት! ለእናቴ እኔ እነግራታለሁ፣ ለእናትህ አንተ ንገራት።"

የባቡሩ ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ቴጊዩ ግራ ቀኙን ቃኘ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። አሁን "አጥፍቻለሁ" ሊለኝ ነው አልኩ። እግዜር ያውቃል፣ ያኔም ጠብቄው ነበር።

"ዬሱል" አለኝ፣ "ሰው እያየን ነው።"

በሩ ሲከፈት ወረድኩ።