አልወጣም ያለው ቀፎ

ኔልዳ ስታግስ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትለፈልፍ የኖረችውን ነገር ትሬንት የሚባል ከሚሺጋን የመጣ ባለዲግሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተናገረና ቢሮ ተሰጠው። ቢሮው መስኮትም ማቀዝቀዣም አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ቀፎ፣ ማለትም ውሃው ላይ የሚያርፈው አካሉ፣ የሚሠራው ከመስታወት ክር ከተሸመነ ጨርቅና ከፈሳሽ ሙጫ ነው። ጨርቁ የቀፎው ቅርጽ ባለው ፎርማ ውስጥ ይነጠፋል፣ ሙጫው ይፈስበታል፣ በሮለር ይዳመጣል፤ ሲደርቅ ጀልባ ነው። ጥንካሬው ያለው ጨርቁ ላይ ነው። ሙጫው ጨርቁን ከማያያዝ ያለፈ ሥራ የለውም፤ ከዚያ የተረፈው ሸክም ብቻ ነው። ሰነፍ ሰው ግን ሙጫውን በባልዲ ይደፋና ሮለሩን ሁለቴ አስኪዶ ሲጋራ ሊያጨስ ይወጣል። በአርካንሶ ተራሮች መሃል ያለችው የፕሩዊቶች ፋብሪካ የምታወጣው ቀፎ አራት መቶ ሰባ ፓውንድ ይመዝን ነበር። ኔልዳ ከዚያ ውስጥ ሰባው ስንፍና ነው ትላለች።

“ጭመቁት! ጨርቁ ይርጠብ እንጂ አይዋኝ!” ስትል ኖራለች። ማንም አልሰማትም። ትሬንት መጥቶ ይህንኑ በቁጥር ጽፎ ግድግዳ ላይ ሲለጥፈው ባለቤቱ ክሊት ፕሩዊት አጨበጨበ።

ክሊት ያጨበጨበው ገዢዎቹን አስቦ ነው። ባስ የሚባለውን ዓሣ በውድድር የሚያጠምዱት ወንዶች ቀላል ጀልባ ይፈልጋሉ። ጠዋት ሐይቁ ላይ ይሰለፉና ልክ ሲለቀቁ ዓሣው ወዳለበት ጥግ በሰዓት ሰባ ማይል ይበራሉ። ዓሣው እዚያው ነው ያደረው፤ የትም አይሄድም። ቢሆንም ይበራሉ።

ኔልዳ ቢሮ አልፈለገችም። የፈለገችው የአንጣፊዎች አለቅነትን ነው። ሦስት ጊዜ ጠይቃ ሦስት ጊዜ ተከልክላለች፤ ትምህርቷን ያቆመችው ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለሆነ የዕለቱን የሥራ ወረቀት ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ይህም ለአለቃ አይሆንም ተባለ። ከእሷ በኋላ የተቀጠሩ፣ ከንፈራቸው የማይንቀሳቀስ፣ እጃቸውም እምብዛም የማይንቀሳቀስ ሦስት ወንዶች ተሾሙ።

አራተኛ ጊዜ ሄደች።

“ክሊት፣ አዲሱን ቀላል ቀፎ እኔ ላንጥፈው። ከአራት መቶ በታች ከመዘነና ሳይሰነጠቅ ከወጣ አለቅነቱን ትሰጠኛለህ።”

“ካልወጣስ?”

“ካልወጣ ቤቴ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ። አንተም ከእኔ ታርፋለህ።”

ክሊት ማረፍ የሚለውን ወደደው። ተጨባበጡ።

ረቡዕ ፎርማው ሰም ተቀባ፤ ሰም ካልተቀባ ቀፎው ተጣብቆ ይቀራል። ሐሙስ ኔልዳ ከማለዳ እስከ ምሽት አነጠፈች። ሙጫውን በሮለር እየገፋች ጠርዝ ድረስ አምጥታ ጨመቀችው። ማታ ማንኪያ ማንሳት አቅቷት ሾርባዋን ከሳህኑ አፍ ጠጣችው።

አርብ ጠዋት ቀፎው ከፎርማው አልወጣም አለ።

ፎርማውን ሰም የቀባው ሎይ ነው። ሎይ የኔልዳ የድሮ ባል ነው። ከተፋቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆናቸው፤ ከዚያ ወዲህ በቀን ዘጠኝ ሰዓት በአንድ ጣሪያ ሥር እየሠሩ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። አንዱ ለሌላው መልእክት ካለው በሦስተኛ ሰው ይልካል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው፤ እሳት ማጥፊያው የት እንዳለ የሚነገረው በማግስቱ ነው።

ከጠርዙ ዙሪያ ሽብልቅ አስገቡ። የፊቱ ለቀቀ፣ ጎኖቹም ለቀቁ። የኋላው የቀኝ ጥግ፣ ሞተሩ የሚታሰርበት አጠገብ፣ ንቅንቅ አላለም። ቀፎውን ሊያይ የሚመጣው ገዢ ከሚዙሪ ተነስቶ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል፤ ያኔ አራት ተኩል ሆኗል።

“የጎማ መዶሻ አምጡ” አለ ክሊት።

“የድሮው ቀፎ መሰለህ?” አለች ኔልዳ። “ይሄ ስስ ነው። በመዶሻ ብትነካው እንደ እንቁላል ነው የሚሆንልህ።”

“እንግዲያው በሰንሰለት ማንሻው እንጎትተው።”

“ጎትተው። ግማሹን ታገኛለህ።”

ክሊት ፊቱ ቀላ። የሚቆጣው ሰው ፈለገ፤ ሎይ ቅርብ ነበር።

“ሎይ! ሰም ቀብተሃል?”

“አምስት ጊዜ።”

“ታዲያ ለምን ተጣበቀ?”

“አምስት ጊዜ” አለ ሎይ። ሎይ ብዙ አይናገርም፤ ከፍቺው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር።

“ይሄ ፎርማ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላ የለኝም! ዕቃህን ሰብስብና—”

“ተወው” አለች ኔልዳ። ራሷም ገረማት። “ሎይ እኔን ጥሎ ሄዷል። ፎርማ ግን ሰም ሳይቀባ ጥሎ ሄዶ አያውቅም። ይልቅ ረቡዕ ማታ እሱ ከወጣ በኋላ እዚህ የገባው ማነው?”

ትሬንት ትምህርት ቤት እንዳለ ልጅ እጁን አወጣ።

“እኔ ነኝ፣ ሚስ ኔልዳ። እዚያ ጥግ ላይ ለልኬት በእስክሪብቶ ምልክት አድርጌ ነበር። ቆሻሻ እንዳይሆንብዎት ብዬ ጠረግሁት።”

“በምን?”

“በአሴቶን።”

ሎይ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አስከሬን ሲያልፍ እንደሚያወልቁት ዓይነት።

“አምስቱንም ዙር ሰም በማሟሚያ ጠርገህ ጣልክልኝ” አለች ኔልዳ።

“ንጹህ ነበር” አለ ትሬንት።

“ንጹህማ ነው። ምን ያህል ቦታ ነው የጠረግከው?”

ትሬንት መዳፉን ዘረጋ። ኔልዳ መዳፉን አየችው። ትልቅ እጅ አልነበረም፤ ደስ አላት። ያን ያህል ቦታ ከሆነ ከሥር በእኩል የሚገፋው ነገር ካለ ይለቃል። የሚገፋውንም ታውቃለች። በክሊት አባት ጊዜ ፎርማዎች ሁሉ ሆዳቸው ላይ፣ በፎርማውና በቀፎው መሃል ውሃ የሚገባባት ትንሽ ቀዳዳ ነበረቻቸው። ይህንን አዲሱን ፎርማ ግን ሎይ የሠራው ትሬንት በሰጠው ሥዕል ነው፤ ሥዕሉ ላይ ደግሞ ቀዳዳ የለም።

በሰው ልትልክ ዞር ዞር አለች። ሰው ሁሉ ፈዝዞ ቆሟል። ስለዚህ ሄዳ ሎይ ፊት ቆመች።

“ሎይ። ቀዳዳዋን ሠርተሃታል?”

አንዱ አንጣፊ እጁ ላይ የነበረውን ሮለር ጣለ።

“ሠርቻታለሁ” አለ ሎይ።

“ሥዕሉ ላይ እኮ ቀዳዳ የለም” አለ ትሬንት።

“ሥዕሉ ላይ የለም” አለ ሎይ።

ፎርማው ሥር በጀርባው ተንፏቅቆ ገባና የደፈነበትን ሰም በሚስማር ፈልፍሎ አወጣ። የውሃ ጎማ አስገቡበት። ቧንቧው ተከፈተ። ከዚያ ምንም አልሆነም። ሃያ ደቂቃ ምንም አልሆነም። ክሊት ሰዓቱን ያያል፣ በሩን ያያል፣ ደግሞ ሰዓቱን ያያል።

“ግፊቱን ልጨምረው?” አለ ትሬንት።

“ጀልባ ነው” አለች ኔልዳ። “ውሃ ስጠውና ተወው።”

እጇን ጥጉ ላይ አሳርፋ ቆመች። ከእጇ ሥር ቀፎው በስሱ መርገብገብ ጀመረ። ስለ በረንዳዋ አሰበች። በረንዳው የሚያሳየው የጎረቤቷን ፍየሎች ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ መጨረሻዋ ፍየል ማየት ሊሆን ነው።

“ጧ!” አለ ጥጉ።

ክሊት ዓይኑን ጨፈነ። ኔልዳ ግን አልጨፈነችም፤ ስለዚህ ያየችው እሷ ናት። ጥጉ ለቀቀ፣ ቀፎው ሦስት ጣት ያህል ከፍ አለ፣ ከዚያም እዚያው ፎርማው ውስጥ ወዲያና ወዲህ መወዛወዝ ጀመረ። ተንሳፈፈ።

አወጡት። ከጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ቀለም ተልጣ ፎርማው ላይ ቀርታለች፤ የአንድ ሰዓት ጥገና ነው። ስንጥቅ የለም። ሚዛኑ ላይ ሲያወጡት ሦስት መቶ ሰማንያ ዘጠኝ አለ። ክሊት ሚዛኑ ተበላሽቷል ብሎ ራሱ ወጣበት። ሚዛኑ አልተበላሸም ነበር፤ ክሊት ቶሎ ወረደ።

“እሺ” አለ። “አለቅነቱ ያንቺ ነው። ወረቀቱን ማን ይሞላዋል ግን?”

“ትሬንት ይሙላው። መጻፍ ይወዳል። መጥረጊያ ጨርቅ ብቻ እጁ እንዳይገባ።”

በዚያ ፋብሪካ የቀፎው ላይኛው ክፍል ከመገጠሙ በፊት ያነጠፈው ሰው ውስጡ ላይ ስሙን ይጽፋል፤ ጀልባው ካልተሰበረ በቀር ማንም አያየውም። ኔልዳ ስሟን በትልልቁ ጻፈች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

“ለእኔስ ቦታ ይኖራል?” አለ ትሬንት ፈራ ተባ እያለ።

“እዚያ ጥግ ላይ” አለች። “አንተ ያጸዳኸው ላይ።”

ሎይ የውሃውን ጎማ እየጠቀለለ ነበር። ቀና አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ኔልዳ” አለ።

ኔልዳ ወደ ትሬንት ዞረች።

“ትሬንት፣ ለሎይ ንገረው። ከሰኞ ጀምሮ አለቃው እኔ ነኝ። ቀዳዳዋን ደግሞ መልሶ ይድፈናት።”

ትሬንት ከሎይ አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆሞ ነበር። ቢሆንም ነገረው።

“ሰምቷል በላት” አለ ሎይ።