ቀዩ ለስንዴ፣ ነጩ ለድንች

«ቀዩን ማዳበሪያ ነው የያዙት?» አለች እቴናት። አልቃሾቹ ዞረው አዩዋት።

ባሏ አበባው ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ከአምበር ከተማ በመጣ ለቀስተኛ ሞልቷል፤ እሷ ግን ከጠዋት ጀምራ እሾህ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ትቁነጠነጣለች። ዝናቡ ጥሏል። ነገ ደግሞ የሰኔ ሚካኤል ነው፣ በሬ አይጠመድም። ስለዚህ ጎረቤቶቿ ሳይነግሯት ደቦ ወጥተው የሟችን ድንች ሊተክሉለት ወርደዋል። ደጎች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን ሊያበላሹት ነው።

«አዎ፣ ጎረቤትሽ ምስጋናው ቀዩን ተሸክሞ ሲወርድ አይቼዋለሁ» አለች የአበባው ታላቅ እህት ጥሩብርሃን። «ምን አለበት? ቀይ ሆነ ነጭ፣ ፖታሽ ማዳበሪያ ሁሉ ያው ፖታሽ ነው።»

አበባው ይህን ሰምቶ ዝም የሚል ሰው አልነበረም። ከሦስት ዓመት በፊት እሱም ቀዩን ድንች ላይ ነስንሶ ነበር። ድንቹ ተቀቅሎ ሲቀርብ ውሃ ውሃ አለ። ገበያ እናውጣው ብትለው፣ «እኔ የጠላሁትን ለሰው አላበላም» ብሎ እስከ ገና ያንኑ በላ፣ እሷንም አስበላት። ከዚያ የቀበሌዋን የግብርና ባለሙያ ሕሊናን ጠይቆ መጣና እንዲህ አላት፦

«ቀዩ ክሎሪን አለበት፤ ስንዴ ግድ የለውም፣ ድንች ግን ውሃ ይበዛበታል። ለድንች ነጩ፣ ሰልፌቱ! ዋልካው፣ ጥቁሩ አፈር፣ ደግሞ የራሱ ፖታሽ አለው፤ የሚርበው ቀይ አፈሩ ነው።»

ይህንኑ እየደጋገመ አሰለቻት። «እኔን ከምታደርቀኝ ለጎረቤት ንገር» ትለው ነበር። ምነው ባላልኩት አለች አሁን። ብድግ አለች።

«ተቀመጪ አንቺ! ሠልስቱ ሳይወጣ ሐዘንተኛ እርሻ ትወርዳለች? ሰው ምን ይላል?» አለች ጥሩብርሃን።

«ያሻውን ይበል፣ እትዬ። የመጨረሻ ዘሩ ነው።»

የነጩን ማዳበሪያ ጆንያ ከጎተራው ሥር ጎትታ አዘለችና ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ቁልቁል ወረደች። ወንዶቹ ሲያዩዋት በሬዎቹን አቆሙ። ትልሙ ተከፍቷል፤ ምስጋናው የቀዩን ጆንያ አፍ ሊፈታ ጎንበስ ብሏል።

«ተወው ወንድሜ፣ እሱ የስንዴ ነው። ለድንች ይሄንን ነበር የሚያደርገው።»

ምስጋናው አልተከራከረም። «አላወቅንም፣ እህቴ። ስንት ስንት እናድርግ?»

«በአምስት እርምጃ አንድ ጭብጥ። እሱ እንዲያ ነበር።»

እጇን ጆንያው ውስጥ ከትታ ዘገነች። አወጣችና አየችው። አነሰባት፤ የአበባው እጅ ሰፊ ነበር። በግራ እጇ ግማሽ ጭብጥ ጨመረችበትና ትልሙ ላይ ቀስ ብላ በተነችው።